የቃል ትምህርትና ሽምደዳ አንድ አይደሉም

በትምህርት ጉዳይ ላይ በምናደርገው ውይይት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክስ አለ። «ተማሪዎቻችን ይሸመድዳሉ እንጂ አይገባቸውም» ይባላል። ጥፋተኛ ሲፈለግ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ «በቃል መያዝን ያወረሰን የቆሎ ትምህርት ቤት ነው» የሚል አስተያየት በመምህራን ስብሰባ ሳይቀር ይደመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት መቃወም ነው። በእኔ እምነት ሽምደዳ የቃል ትምህርት ውላጅ አይደለም፤ እንዲያውም የቃል ትምህርት አጥብቆ የያዘውን ሁሉ የጣለ ልማድ ነው። ሳይንስ ስለ ሰው ልጅ ትውስታ እስካሁን የደረሰበት ዕውቀትም ይህንኑ ይደግፋል።

ነገሩ ከቃላት ክርክር ያለፈ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በየትምህርት መስካቸው ለመውጫ ፈተና ይቀመጣሉ። ፈተናው ከዓመታት በፊት የተሰጡ ትምህርቶችንም ይጨምራል። ስለዚህ በፈተና ዋዜማ የተጠና ነገር ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከአእምሮ ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለው ጥያቄ የወጣቶቻችንን ዕጣ የሚወስን ጥያቄ ሆኗል።

ጠባቡ በር

ትውስታ ሦስት ሥራዎችን ያጠቃልላል፤ እነሱም መቀበል፣ ማቆየትና ፈልጎ ማውጣት ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ በጣም ጠባብ በሆነ በር ያልፋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገሮችን ነው ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ ዝቅ አድርገውታል።

ከአየር ጤና በዘነበወርቅ በኩል ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ የሚኒባስ ታክሲ ረዳትን ልብ ብሎ ያየ ሰው የዚህን በር ጥበትም ሆነ በሩን የማለፊያውን ብልሃት ሊገነዘብ ይችላል። ረዳቱ ከአሥር በላይ ተሳፋሪ ጭኖ ማን እንደ ከፈለ፣ ለማን ምን ያህል መልስ እንደሚገባው፣ ማን የት እንደሚወርድ ሳይጽፍ ያውቃል። ይህን የሚችለው እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ስለማይዝ ነው። ሒሳቡን በየወንበሩ ረድፍ ይሰበስባል፤ አንዱ ረድፍ ለእሱ አንድ ጥቅል ነው። መልሱ ተሰጥቶ ተሳፋሪው ሲወርድ ግን ሁሉም ነገር ከሐሳቡ ይጠፋል። ማታ ቢጠየቅ አይመልስም፤ መመለስም አያስፈልገውም። አእምሮ ሥራው ያለቀለትን ነገር መልቀቁ ጉድለት ሳይሆን ጥበቡ ነው። ችግር የሚመጣው ሊቆይ የሚገባውን ትምህርት እንደ ታክሲ ሒሳብ ስናስተናግደው ነው።

ትውስታ በምን ላይ ይጻፋል?

በሩን ያለፈው ነገር የት ይቀመጣል? ለዚህ ጥያቄ ትልቁን ፍንጭ የሰጠው ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ሕመምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ከባድ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ሲባል በአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላ የልጅነቱን ጊዜ ያስታውሳል፤ ቋንቋውም አልጠፋበትም፤ ነገር ግን አዲስ ያገኘውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያውቀውም ነበር። ያጠኑት ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ሥዕል እንዲከተል ባለማመዱት ጊዜ ደግሞ እጁ በየቀኑ እየሠለጠነ ሄደ፤ እሱ ግን ልምምዱን ከዚህ በፊት አድርጎት እንደሚያውቅ አያስታውስም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ትውስታ የሚዘጋጅበት ቦታና ቆይቶ የሚኖርበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ የእጅ ሙያ የሚያዝበት መንገድ ታሪክና ስም ከሚያዙበት መንገድ የተለየ ነው።

ወደ ረቂቁ ደረጃ ስንወርድ ሲናፕስ የተባሉትን የነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎች እናገኛለን። ቲም ብሊስና ተርየ ሎሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በጥንቸል አንጎል ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ደጋግሞ የተቀሰቀሰ መገናኛ ለሰዓታት ጠንክሮ እንደሚቆይ አሳዩ። ኤሪክ ካንደል ደግሞ በአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አጭር ትውስታ በነበሩት መገናኛዎች ላይ በሚደረግ ኬሚካላዊ ለውጥ እንደሚያዝ፣ ረጅም ትውስታ ግን አዲስ ፕሮቲን መሥራትንና አዳዲስ መገናኛዎችን ማብቀልን እንደሚጠይቅ ገለጹ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። አዲስ መገናኛ ለማብቀል ጊዜ ያስፈልጋል፤ እንቅልፍም ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚያነብ ተማሪ ያነበበው ሥር የሚሰድበትን ጊዜ ራሱ እየነጠቀው ነው።

የፊዚክስ ሰው እንደ መሆኔ እዚህ ላይ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር አለ። መገናኛዎቹ የተሠሩባቸው ፕሮቲኖች በአብዛኛው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ፈርሰው በሌላ ይተካሉ። የሰው የልጅነት ትውስታ ግን 70 ዓመት ይቆያል። ይህ የሚያመለክተው የሚቆየው ቁሱ ሳይሆን የቁሱ አደራረግ መሆኑን ነው። በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ የተጻፈ ፋይል ቢከፈትም ባይከፈትም ያው ነው። በአንጎል ውስጥ ግን ማንበብ ራሱ መጻፍ ነው፤ አንድ ትውስታ በተነሳ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ሊለወጥ ወደሚችልበት ሁኔታ ተመልሶ እንደገና መጽናት እንደሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ የተደረገ ታዋቂ ምርምር አሳይቷል። ስለዚህ ትውስታን በጎተራ ከምንመስለው በእግር መንገድ ብንመስለው ይሻላል። ጎተራ ተዘግቶ ይቆያል፤ የእግር መንገድ ግን የሚኖረው ሰው ሲሄድበት ነው፤ የማይሄዱበትን ሣር ይውጠዋል።

መስማት ማወቅ አይደለም

«እንግዲያው ደጋግሞ ማንበብ ይበቃል» የሚል ሊኖር ይችላል። አይበቃም። ምሳሌውን ከዚያው ሰፈር ላንሳ። «ዘነበወርቅ» የሚለው ስም ከማለዳ እስከ ምሽት በታክሲ ረዳቶች አፍ ሲጠራ ይውላል። ሆኖም ከተሳፋሪዎች ጥቂቱን መርጠን «ዘነበወርቅ ማን ነበሩ?» ብንል አብዛኞቹ የሚቸገሩ ይመስለኛል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ፤ በለጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ሆስፒታል በስማቸው ተጠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ስፍራ አለርት ተመሠረተ፤ ሰፈሩም ስሙን ይዞ ቀረ። ስሙ በየቀኑ ጆሮ ይገባል፤ ታሪኩን ግን ከአእምሮው ፈልጎ እንዲያወጣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሺህ ጊዜ መስማት ዕውቀት አልሆነም።

ይህ በላቦራቶሪም ተፈትኗል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባሉት ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ትርጉም የለሽ ፊደላትን በራሳቸው ላይ አጥንተው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ የድካም ፍሬ እንደሚጠፋ፣ መርሳቱም ከዚያ በኋላ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳዩ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረጉት ጥናት ደግሞ አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ትቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። ሽምደዳ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። በነጋታው ፈተና ላይ ይሠራል፤ በዓመቱ ግን ባዶ እጅ ያስቀራል።

የኔታ የሚያውቁት

አሁን ወደ ተከሳሹ እንመለስ። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቀለሙን ይዞ ወደ የኔታ ይቀርብና ያለ መጽሐፍ ያሰማል። ከሳተ ወዲያው ይታረማል፤ ካላጠራ አዲስ አይነገረውም። የቃል ትምህርት የሚሰጠው በምሽት፣ መጽሐፍ ሊታይ በማይችልበት ጨለማ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ማስተማር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የማስታወስ ልምምድ ነው። ድጓው የተደራጀው በዓመቱ በዓላት ቅደም ተከተል በመሆኑ የተማረው ዜማ ወቅቱ ሲደርስ እየተመላለሰ ይነሳል። መልሶ ማውጣት፣ ፈጣን እርማት፣ አራርቆ መደጋገም፤ ዛሬ የሥነ ልቦና መጻሕፍት የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

የዜማ ምልክቶቹም ትምህርት ይሰጣሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ ከሚባሉት ሌላ ከፊደላት የተውጣጡ ምልክቶች አሉ፤ ትውፊቱ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣቸዋል። ከቃሉ አናት ላይ የተጻፉት ጥቂት ፊደላት ዜማውን አይዙትም፤ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ ይጠሩለታል እንጂ። በቃሉ ላልያዘ ሰው ድምፅ የላቸውም። ትውስታ የሚወጣው በጠሪ ምልክት መሆኑን ሊቃውንቱ ከዘመናዊው ሥነ ልቦና በፊት ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የቬዳ መጻሕፍትን በቃላቸው በያዙ የህንድ ሊቃውንት አንጎል ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከቋንቋና ከትውስታ ጋር በተያያዙ ክፍሎች ከሌሎች ሰዎች የተለየ አወቃቀር ማግኘቱን ገልጿል። ልዩነቱን ልምምዱ ያመጣው ይሁን ከመጀመሪያው የነበረ ጥናቱ ብቻውን አይወስንም። የእኛ የድጓ መምህራንም በዚህ ዓይን ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«በቃል መያዝ ፈጠራን ይገድላል» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን በቃሉ ይይዛል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ግን አይፈቀድለትም፤ አዲስ መቁጠር አለበት። የተከማቸው ቃል ለአዲሱ ሐሳብ እርሾ ይሆነዋል። በቼዝ ተጫዋቾች ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 የተደረገ ጥናትም ታላላቆቹ ተጫዋቾች ከጀማሪዎች የሚለዩት በአጠቃላይ የማስታወስ ኃይል ሳይሆን በቃል ባከማቹት ትርጉም ያለው አቀማመጥ መሆኑን አሳይቷል፤ ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ሲበተኑ ብልጫቸው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በፊዚክስም የኃይልና የፍጥንጥነትን ግንኙነት ከመጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ በጠባቡ በር የሚያልፍ ሌላ ሐሳብ አይተርፈውም። ስልኩ ቀመሩን ሊይዝለት ይችላል፤ ማሰቡን ግን አይችልለትም።

በሌላ በኩል የቀድሞው ትምህርት እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሕፃኑ ትርጉሙን ሳያውቅ የሚያነበንበው ብዙ ነበር፤ አለንጋውም ነበር። ይህን ትተን ስልቱን መውሰድ እንችላለን። በውጭ አገር ዶክትሬቴን ስሠራ የምርምር ፈቃድ የሚገኘው ያለ ማስታወሻ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ከመጀመሪያ ዓመት ሜካኒክስ ጀምሮ የተጠየቁትን በማስረዳት ነበር። ስሙ ሌላ ሆነ እንጂ ሥራው የኔታ ፊት ቀለም ማሰማት ነው።

ምን ይደረግ?

ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር በየትምህርት ክፍሉ አለ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ፈተና አንድ ምዕራፍ ይዘጋና የተዘጋው ምዕራፍ ዳግመኛ አይነሳም። ይህ ሣር እንዲውጠው መፍቀድ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለሥራ ባልደረቦቼ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ደብተር ተዘግቶ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ከአእምሮ ለመጻፍ ይዋሉ፤ ነጥብ አይያዝበት፤ እርማቱ ግን በዚያው ሰዓት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፈተና ሲሶው ካለፉት ምዕራፎችና ካለፈው ዓመት ትምህርት ይሁን። ሦስተኛ፣ ከፍ ያለ ዓመት ተማሪዎች ለጀማሪዎች በየሳምንቱ እንዲያስረዱ ይመደቡ።

እነዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት የመምህሩን ፈቃድና የተማሪውን ትዕግሥት ነው፤ ከአእምሮ ፈልጎ ማውጣት መልሶ ከማንበብ ይልቅ ያደክማልና። ድካሙ ግን ትምህርቱ ሥር እየሰደደ የመሆኑ ምልክት ነው። የመውጫ ፈተናን ያህል ሸክም በተማሪ ትከሻ ላይ ከጫንን፣ ሸክሙን በአራት ዓመት አከፋፍሎ እንዲለማመደው ማድረግ ግዴታችን ነው።