ከወላይታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ደብዳቤ

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሳዳጊዎቻቸው እቅፍ ሆነው ደለስ ኤርፖርት የወረዱ ሕፃናት ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪና ይነዳሉ፣ ኮሌጅ ይማራሉ፣ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀት ዓመት ብቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የመጡት ከ2,500 በላይ ነበሩ። ፓርላማችን በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከለከለ። ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጣችው ሐና ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ስቴት በአሳዳጊዎቿ እጅ ከሞተች በኋላ፣ «ልጃችሁ ተምሮ ይመለሳል» ተብለው የፈረሙ ወላጆች እንባ ከተሰማ በኋላ፣ ክልከላው ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ግን አዋጅ የሚያስቆመው አዲስ ጉዞን ነው። የመጡት ልጆች እዚሁ አጠገባችን አሉ፤ እናቶቻቸውም እዚያ አገር ቤት ይጠብቃሉ።

አሳዳጊዎች በተለይ በኋለኞቹ ዓመታት ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ መጀመሪያ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ቀጥሎ ለኤምባሲው ቪዛ። አንዲት የአሌክሳንድሪያ አሳዳጊ እናት የመጀመሪያውን ጉዞ ስታነሳ ዛሬም ድምጿ ይሰበራል። ልጁን አቅፋ ሰነበተች፤ ጥላው የምትሄድበት ቀን ሲደርስ የእጅ ሰዓቷን ማሰሪያ ጨብጦ አልለቅም አለ። ሰዓቷን አውልቃ ትታለት ሄደች። በዚያው ሳምንት ከወላጅ እናቱ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በአስተርጓሚ በኩል የእናትየውን ሙሉ ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ የወንድሞቹንና የእህቶቹን ስም እየጠየቀች ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ያንን ያላደረጉ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ወላጆቹን አትጠይቁ ተብለው ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ያለፈውን ማንሳት ልጁን ይጎዳዋል ብለው ፈሩ።

የአሜሪካ ሕግ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የወላጆችን መብት ቆርጦ፣ ለልጁ በአሳዳጊዎቹ ስም አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የእኛው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። ልጁ ወደ አሜሪካ የመጣው ይህ ግንኙነት ሳይቋረጥ ነው። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር፤ ሪፖርት ግን የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፣ የእናትን ሆድ አያሳርፍም።

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የጉዲፈቻ ልጅ ቤት፣ ከወላጅ እናቱ የመጣ ደብዳቤ እንዳነብ ተጠራሁ። እናትየዋ በወላይትኛ ተናግራ የወንድሟ ልጅ በአማርኛ የጻፈው ነው። እንደ ድሮ ደብዳቤ ግማሽ ገጹን ሰላምታ ሞልቶታል፤ «እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ቀጥሎ፣ «ምድጃ ላይ ወድቀህ የተቃጠልከው ጉልበትህ ዳነልህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ልጁ ይህን ስተረጉምለት ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሰበሰበ። ጠባሳውን አሳዳጊዎቹ ሁልጊዜ ያዩታል፤ ከየት እንደመጣ ግን በሰነዱ ላይ አልተጻፈም ነበር። አሳዳጊ አባቱ ደብዳቤውን ደግሜ እንዳነብለት ለመነኝ።

እኛ ሐበሾች በእነዚህ ልጆች ላይ የምናደርገው ነገር ያሳዝነኛል። ሱቅና ምግብ ቤት ውስጥ ከነጭ እናት ጋር ሲመጡ አፍጥጠን እናያለን፤ አማርኛ አይሰሙም ብለን «ምስኪን» እንላለን። የከንፈር መምጠጥ ትርጉም ግን በማንኛውም ቋንቋ ይገባል። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈልጋቸውን እንስጣቸው። ቤተሰብ ፍለጋ የተሰኘው ድርጅት የልጆችንና የወላጆችን መረጃ መዝግቦ ያገናኛል፤ ሲገናኙ ግን በስልኩ በሁለቱም በኩል የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል። አማርኛም ብቻውን አይበቃም፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የወላይታ፣ የከምባታና የሐዲያ ልጆች ናቸው። የእነዚህን አገሮች ቋንቋ የሚናገሩ ነርሶች፣ ታክሲ ነጂዎችና ዲያቆናት በመካከላችን አሉ። ቤተ ክርስቲያኖቻችንና የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችን የእነዚህን ሰዎች ስምና ስልክ በአንድ መዝገብ ይያዙ፤ ደብዳቤ ወይም የስልክ ቀጠሮ ያለው ቤተሰብ ሲመጣ ያለክፍያ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይመደብለት። ለአማርኛው እኔ አለሁ።