ቡኒ ጥርሳችሁን አስነቅላችሁ ኢምፕላንት ከማስተከላችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ከቡልቡላ፣ ከባቱ፣ ከመቂና ከአዳማ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱ በጣም ይደጋገማል፦ «ዶክተር፣ ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡኒ ነው። ስስቅ አፌን በእጄ ነው የምሸፍነው። ላስነቅለውና ኢምፕላንት ላስተክል?»

መልሴ አጭር ነው፦ ጥርሱ ካልተነቃነቀና ተቦርቡሮ ካላለቀ በስተቀር፣ ለቀለሙ ብላችሁ አታስነቅሉት። ለምን? ላስረዳችሁ።

👉 ቡኒው ቀለም ከየት መጣ?

የስምጥ ሸለቆ አለት ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ልጅ እስከ 8 ዓመቱ ገደማ፣ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ከጠጣ የጥርሱ ሽፋን ይጎዳል። ጥርሱ ሲበቅል ነጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል ወይም ቡኒ ይሆናል፤ ሲብስ ደግሞ ላዩ ይጎደጉዳል። ፍሎሮሲስ የምንለው ይህ ነው። ወንጂ ያደጉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል።

ስለዚህ ቡኒ ጥርስ ያለው ሰው «ጥርሱን አይፋቅም» ተብሎ መታማት የለበትም። የተጎዳው ላዩ ነው፤ ሥሩ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

👉 ኢምፕላንትስ?

ኢምፕላንት መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን ነው፤ ላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገጠምለታል። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ላይ ሲመራመር ታይታኒየም ከአጥንት ጋር አጥብቆ እንደሚያያዝ አስተዋለ። በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚው ተከለለት፤ ሰውየው በ2006 እስኪያርፍ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቀመበት። ጥርሱን ላጣ ሰው ትልቅ በረከት ነው። እኔም ኢምፕላንትን እየተቃወምኩ አይደለም።

ግን አንድ ብዙ ጊዜ የማይነገራችሁ ነገር አለ፤ እሱም የብረቱ ላይ ሻካራነት ነው።

የአጥንት ሴሎች ሻካራ ነገር ላይ ቶሎ ይይዛሉ። ስለዚህ አምራቾች አጥንት ውስጥ የሚገባውን ክፍል ሆን ብለው በብናኝ መትተው፣ በአሲድ አጥበው ያሻክሩታል፤ ሻካራነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አንድ የአፍ ባክቴሪያም ስፋቱ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው! ለአጥንት የተሠራው ጎድጓዳ ለባክቴሪያም የተዘጋጀ ቤት ሆነ ማለት ነው። ብርጭቆ አንዴ ሲለቀለቅ ይጠራል፤ ሻካራ ሸክላ ግን ብታሹትም ቀዳዳው ውስጥ የገባው አይወጣም። ባክቴሪያም እንደዚያው ከምራቅ፣ ከምላስና ከብሩሽ ተደብቆ ይራባል።

በ1990ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ሻካራነቱ ከ0.2 ማይክሮሜትር ሲያልፍ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ይጨምራል፤ ከዚያ በታች ማለስለስ ግን ብዙም የሚጨምረው ጥቅም የለም። ለዚህ ነው በድድ በኩል የሚያልፈው ክፍል ለስላሳ የሚደረገው።

ሻካራው ክፍል አጥንት ውስጥ እንደተቀበረ እስከቆየ ድረስ ሰላም ነው። ድድ ተቆጥቶ አጥንቱ ከሸሸ ግን ሻካራው ብረት ይጋለጣል። ያኔ ማጽዳቱ ለሐኪምም ፈተና ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት፣ ደም የሚያገኝ የጅማት ሽፋን አለው፤ ኢምፕላንት ይህ የለውም። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ቶሎ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሕመም የለውም። መጨረሻው ብሎኑን ማውጣት ሊሆን ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ቀድሞ የድድ በሽታ የነበረበት ሰው አደጋው ይበዛበታል።

እንግዲህ ፍረዱ፦ ሥሩ ጤነኛ የሆነን ጥርስ ነቅሎ፣ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ ብረት መትከል ምን ይሉታል?

👉 ለቡኒ ጥርስ ምን ይደረግ?

ላዩን በስሱ ማጽዳት፣ በሐኪም ማንጣት፣ የጎደጎደውን በሙሌት መሙላት፣ ሲብስም ቬኒር ወይም ክራውን ማድረግ ይቻላል። የጎደጎደ ጥርስም እንደ ሻካራ ብረት ቆሻሻ ይይዛል፤ ሲሞላና ሲለሰልስ ግን መልኩም ጤናውም ይስተካከላል።

👉 ጥርሳችሁ ጠፍቶ ኢምፕላንት የግድ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ለክትትል በዓመት ስንት ጊዜ ልመለስ? ከቡልቡላ የምትመላለሱ ከሆነ ትራንስፖርቱንም ከዋጋው ጋር ደምሩት።
2. የኢምፕላንቱ ዓይነትና መለያ ቁጥር በጽሑፍ ይሰጠኛል? ነገ ሌላ ሐኪም ጋ ብትሄዱ ያስፈልጋችኋል።
3. ስታጠብ በምን መሣሪያ ነው? ተራ የብረት መሣሪያ ለስላሳውን ክፍል ቧጥጦ ሊያሻክረው ይችላል፤ ለኢምፕላንት የሚሆን የተለየ መሣሪያ አለ።

ካስተከላችሁ በኋላ ድዱ ከደማ፣ ካበጠ ወይም መግል ካየባችሁ «አያመኝም» ብላችሁ አትቆዩ። አጥንቱ ሳይነካ ከተደረሰበት ይድናል።

የመጨረሻው ሐሳቤ ስለ ልጆች ነው። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የሰፈራችሁ ጉድጓድ ፍሎራይዱ ተለክቶ እንደሆነ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ለትንንሾቹ የታከመ ወይም በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ብታገኙ ለእነሱ አስቀድሙ። ለአንድ ኢምፕላንት ገንዘብ የሚያጠራቅም ቤተሰብ፣ በእኔ እምነት፣ ከዚያ በፊት ሕፃኑ የሚጠጣውን ውሃ ያስተካክል። የእኛ ጥርስ ይጠገናል፤ የእነሱን ግን ከመነሻው ማዳን እንችላለን።

ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ ጥርሱን ሊያስነቅል ላሰበ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።