አፍሮ፣ ቤልቦተምና የተቀዳደደ ጂንስ
አባት የልጁን የተቀዳደደ ጂንስ አይቶ «መርፌና ክር ጠፋ እንዴ?» ይላል፤ ልጅም የአባቱን የድሮ ፎቶ አውጥቶ በአፍሮውና በቤልቦተሙ ይስቃል። ይህ መተራረብ እንዲቀር አልፈልግም፤ ቤት ይሞቅበታል። የሚያሳስበኝ «የዛሬ ልጅ ከስልክ በቀር የሚያውቀው የለም» የሚለው ፍርድ ነው። ይህን የሚፈርዱት የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ወጣት ሳሉ፣ በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በቀረበ የፋሽን ትርዒት ሰበብ ተማሪዎች ራሳቸው ተቃውሞ አንስተው ነበር፤ የልብስ ጠብ አዲስ አይደለም። ያው በልብስ የተጣላ ትውልድ ግን በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርዶ ፊደል አስቆጥሯል። ዛሬ እናቱን በቴሌብር ገንዘብ መላክ የሚያስተምር ልጅም ያው ፊደል እያስቆጠረ ነው። እናም አባት «ና እስቲ፣ ይሄ ስልክ እምቢ አለኝ» ሲል ልጁ ሳይሰላች ያሳየው፤ አባትም እግረ መንገዱን ስለ ዘመቻው ያውጋው።