ካሜራው በመቶ ሺህ፣ ቦርሳው በመቶ ብር?

የጎጃም ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ ጆንያውን፣ ማር ሲገዛ ጀሪካኑን አስቀድሞ ይመረምራል። መያዣው ከተቀደደ ትርፉ መንገድ ላይ እንደሚፈስ ያውቃልና ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሠርግ፣ በምረቃና በማስታወቂያ ሥራ የተሰማራው የፎቶግራፍና የቪዲዮ ባለሙያ ግን ይህን የንግድ ሕግ የዘነጋው ይመስላል። ካሜራውን ለመግዛት ወራት ያስባል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ይበደራል። ቦርሳውን ግን በተረፈችው ገንዘብ በመጨረሻው ደቂቃ ያነሳል። በእኔ እምነት ይህ ቁጠባ ሳይሆን ካፒታልን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ካሜራም ሆነ ሌንስ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ ትናንት የተገዛ ሌንስ ዛሬ ቢሰበር የሚተካው በትናንቱ ዋጋ አይደለም። ለከባድ ጥገና ደግሞ ዕቃውን አዲስ አበባ መላክ የተለመደ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ሳቢያ መንገድ ሲዘጋ ያየ ሰው፣ አንድ የተሰበረ ሌንስ ስንት የሠርግ ቀን እንደሚያስቀር አይጠፋውም።

መንገዱንም እናስብ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ወደ ደጀን ሲወጣም ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣል። ረዳቱ «ቦታ የለም» ብሎ ሻንጣውን ፖርቶ መጋላ ላይ ከወረወረው መንቀጥቀጡ፣ ፀሐዩና አቧራው ሁሉ የካሜራው ዕጣ ነው። በጥር የሠርግ ወራት የገጠሩ መንገድ አቧራ ነው። በክረምት ደግሞ በጮቄ ተራራ ግርጌ ዝናቡና ጭጋጉ ፋታ አይሰጥም።

ታዲያ ምን ዓይነት ቦርሳ ይገዛ? መልሱን ሩቅ መፈለግ አያሻም። የአገራችን ሊቃውንት የብራና መጽሐፋቸውን የሚይዙት በማኅደር ነው። ማኅደሩ ከቆዳ የሚሰፋው በመጽሐፉ ልክ ነው፤ ማንገቻ አለው፣ ክዳን አለው፣ ውስጡም መጽሐፉ አይንቀሳቀስም። የካሜራ ቦርሳ ሕግም ይኸው ነው። መጀመሪያ ዕቃው ይለካ፣ ቀጥሎ መንገዱ ይታሰብ፣ ቦርሳው በመጨረሻ ይመረጥ።

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት መያዣዎች አሉ። የመጀመሪያው ብዙዎች «ፔሊካን» በሚለው የአምራቹ ስም የሚያውቁት ጠንካራ የፕላስቲክ ሻንጣ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ስላለው ውኃና አቧራ አያስገባም። ፖርቶ መጋላ ላይ ቢጫን የምተማመነው በዚህ ብቻ ነው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ወደ አውሮፕላን በእጅ እንዲገባ ተብሎ የተሠራው 1510 የተባለው ሞዴል ባዶውን 6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኛ በእጅ የሚፈቅደው ደግሞ 7 ኪሎ ነው። ከባሕር ዳር የሚበር ባለሙያ ለካሜራው የሚተርፈው 1 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ትርፍ የሊትየም ባትሪ ወደ ዕቃ ክፍል መላክ ስለማይፈቀድ እሱንም በእጅ መያዝ ግድ ነው።

ሁለተኛው የጀርባ ቦርሳ ነው። በእግር ለሚኬድበት የገጠር ሠርግና ክብረ በዓል የሚመረጠው ይህ ነው። ዚፑ በጀርባ በኩል የሚከፈት ከሆነ በጥምቀት ግርግርና በመናኸሪያ ሌባ አይደፍረውም። ሦስተኛው የትከሻ ቦርሳ ሌንስ ቶሎ ቶሎ ለመቀያየር ይመቻል። ነገር ግን አንድ ትከሻ ያደክማል፤ ዝናብም በቀላሉ ያስገባል።

አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ላለው የምመክረው ወፍራም የስፖንጅ ክፍልፋይና የዝናብ ልብስ ያለው፣ የካሜራ ስም ያልተጻፈበት ተራ የሚመስል የጀርባ ቦርሳ ነው። ጠንካራውን ሻንጣ ሁለት ሦስት ባለሙያዎች በጋራ ገዝተው ለሩቅ ጉዞ ሊፈራረቁበት ይችላሉ። ገዢው ካሜራውን ይዞ ሱቅ ይሂድ። ዚፑን ደጋግሞ ይክፈት፣ ማንገቻው የተሰፋበትን ቦታ ጠበቅ አድርጎ ይሳብ፣ ስፖንጁን በጣቱ ጫን ብሎ ይፈትሽ።

ቦርሳ ከእርጥበትም መጠበቅ አለበት። በደጋው ብርድ ያደረ ሌንስ ሰው የሞላበት ሞቃት ዳስ ውስጥ ድንገት ከወጣ በጉም ይሸፈናል። ቦርሳው እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ችግሩ ይቃለላል። በዝናብ የራሰ ቦርሳ ካሜራውን እንደያዘ ተዘግቶ ከከረመ ግን ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ዕቃው ወጥቶ ቦርሳው ይድረቅ፤ ውስጡም ሲሊካ ጄል የተባለው እርጥበት መጣጭ ይቀመጥ።

ለነጋዴዎችም የምለው አለኝ። የታዋቂ ድርጅት ስም የተለጠፈበት ስስ ቦርሳ ማስመጣት ለአንድ ጊዜ ያዋጣ ይሆናል፤ ደንበኛ ግን አያፈራም። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጂም ዶምኬ የተባለ የፊላደልፊያ ጋዜጣ ፎቶግራፈር ለሥራው የሚመች ቦርሳ ቢያጣ ከሸራ የሚሠራ አንድ ቦርሳ ነደፈ፤ ቦርሳው በስሙ እየተጠራ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሸራ፣ ስፖንጅና ጠንካራ ዚፕ እኛም ዘንድ አለ። ቆዳ ሰፊና ድንኳን ሰፊም ሞልቷል። የጎደለው ባለሙያውን ቀርቦ «ዕቃህ ስንት ነው? የት ነው የምትሄድበት?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሀብት ነው።

ባለሙያውም በጀቱን ሲያወጣ ቦርሳውን ከካሜራው ጋር አንድ ላይ ይደምር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።