አውራ ዶሮው ምን አጠፋ?

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የማጫውታችሁ በሥራ ዘመኔ ስላየኋቸው ሰዎች ነው። ዛሬ ግን የራሴን ጥፋት ይዤ ቀርቤያለሁ። ነገሩ ስለ እንቅልፍ ነው፤ አንድ አውራ ዶሮ፣ አንዲት ድመትና አንድ ውሻም አሉበት።

እኔ የሌሊት ሰው ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ባልደረቦቼ የሌሊት ተራ ሲደርሳቸው ፊታቸው ይጠቁር ነበር። እኔ ግን «ተራሽን ልውሰድልሽ?» ባይ ነበርኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሌላው ዓይን ሲከደን የእኔ ገና ይከፈታል። ጎረቤቶቼ በቀልድ «ሲስተር የሌሊት ወፍ ናቸው» ይሉኛል። ጡረታ ስወጣ ተረኝነቱ ቀረ፤ ዓይኔ ግን ጡረታ አልወጣም።

የምኖረው እዚሁ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ከልጄ፣ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነው። ሴቷ 15 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ገና 9። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ የእኔ ቀን ይጀምራል። ምስር እለቅማለሁ፤ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ፤ ጋዜጣ አገላብጣለሁ። አሜሪካ ያለው ልጄ ከሥራ ወጥቶ የሚደውለውም በዚያ ሰዓት ነው። እሱ ዘንድ ገና ምሽት ነው። እንዲህ እንዲህ ስንል 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ ጋደም እላለሁ።

8 ሰዓት ገደማ ጅብ ከእንጦጦ ጫካ ወደ መንደር ይወርዳል። ዳገቱ ላይ የሚኖር ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። ቀን ታስሮ የሚውለው ቡቺ ማታ ማታ ስለሚፈታ እየሮጠ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይቀበለዋል። እሱ ሲበርድለት 10 ሰዓት ላይ ገብስማ ይነሳል። ገብስማ አውራ ዶሯችን ነው። ለፋሲካ ወጥ የተገዛ ነበር፤ ትንሹ የልጅ ልጄ ስም አውጥቶለት፣ አልቅሶለት፣ በምትኩ ሌላ ዶሮ ተገዝቶ እሱ ተረፈ። ቆጡ ደግሞ ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ሥር ነበር። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ተራው የውሪት ነው። አንድ ጊዜ አዝኜላት በዚያ ሰዓት ወተት ስለሰጠኋት፣ በየቀኑ በሬን እየቧጠጠች ትቀሰቅሰኛለች።

ታዲያ ለምን ለቤተሰቡ አልተናገርኩም? አፍሬ ነዋ! በእኛ አገር አሮጊት ማለት ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የምትጸልይ፣ ቤቱን የምትቀሰቅስ ናት። «ማርፈድ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከ«ረፋድ» ጋር የአንድ ሥር ነው፤ እስከ ረፋድ የተኛ ሰው በቋንቋችን ገና ከአልጋው ሳይወርድ ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ ልጄ ጠዋት «እማዬ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?» ስትለኝ «ተመስገን፣ በደንብ ተኝቻለሁ» እላት ነበር። ሌሊት ሦስት ሰዓት እንኳ ሳልተኛ ያደርኩበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ድመቷ እንደ ልማዷ ቀሰቀሰችኝ። ተነሳሁ፤ ከራስጌዬ ያለውን የደም ግፊት ኪኒን ዋጥኩና ተመልሼ ተኛሁ። 2 ሰዓት ላይ እንደገና ስነሳ መዋጤን ፈጽሞ አላስታወስኩም። ደገምኩት። 3 ሰዓት ላይ ወደ ግቢ ልወጣ ስል ደረጃው ላይ ዞረብኝና ተንሸራተትኩ። ከትምህርት ቀርቶ የነበረው ትንሹ ልጅ ነው ያየኝ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ደም ግፊቴ በጣም ወርዶ ተገኘ። ፈሳሽ ተሰጥቶኝ፣ እስከ ማታ ስለካ ዋልኩ። ዳሌዬ በለዘ እንጂ አልተሰበረም። ግን ምን ያህል አረጋዊ ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ሲቀር እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስንቱን «አባባ፣ ኪኒንዎን ደግመው እንዳይወስዱ» ብዬ የመከርኩ ሴትዮ ራሴ ደገምኩት።

በማግስቱ ቡና ተፈልቶ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ። እውነቱን ሁሉ ተናዘዝኩ። የልጄ ባለቤት አዘነልኝና «በቃ፣ ይህ ዶሮ እሁድ ይታረድ፤ ድመቷም ሰው ትፈለግላት» አለ። ሁላችንም ዝም ስንል ትንሹ ልጅ እያለቀሰ እንዲህ አለ፦ «ገብስማ ምን አጠፋ? እሱ በሰዓቱ ነው የጮኸው። በሰዓቱ ያልተኛችው እማማ ናት!» እናቱ ልትቆጣው ስትል እጇን ያዝኩ። ልጁ ልክ ነበር።

ስለ አውራ ዶሮ የተጠናውን ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ደብዘዝ ያለ ብርሃን ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ አኖሯቸው። ዶሮዎቹ ንጋት የሚባል ነገር ሳያዩ ሰዓታቸውን ጠብቀው ጮኹ። መብራት በሰዓቱ ሲበራላቸው ደግሞ ብርሃኑ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ነበር የሚጮኹት። ሰዓቱ ያለው በውስጣቸው ነው ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ጥናት ደግሞ በመንጋው ውስጥ አለቃ የሆነው አውራ ዶሮ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። አባቶቻችን ሰዓት ሳይኖራቸው በዶሮ ጩኸት ጉዞ የጀመሩት ያለ ነገር አይደለም።

እኛም ውስጣችን ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. የ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህ የሰውነት ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ላወቁት ለጄፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮስባሽና ለማይክል ያንግ ነው። ምርምራቸው የተጀመረው በጥቃቅን የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ነበር። ይህ ሰዓት በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይመታም። አንዱ ቀድሞ ይተኛል፤ ሌላው ያመሻል። ከፊሉ ከወላጅ የሚወረስ ነው። ዕድሜም ይለውጠዋል፤ ጎረምሶችና ኮረዶች ወደ ማምሸት ያደላሉ፤ ስናረጅ አብዛኞቻችን ወደ መቅደም እንመለሳለን። እኔን የመሰለም አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሌላ ጥፋቴ ታየኝ። 15 ዓመቷ ልጅ ጠዋት ጠዋት መነሳት ሞት ነው የሚመስላት። እናቷ በየቀኑ «ሰነፍ» ትላታለች። እኔም፣ ያውም ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ «ተነሺ እንጂ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ!» እያልኩ አግዛት ነበር። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ትምህርት ባይጀምሩ ብሎ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ልጅ በዚያ ሰዓት ክፍል ከገባች ቆይታለች። ሙሉ ዕድሜዬን የተሸማቀቅሁበትን ስም እኔው ለልጅ ልጄ ማውጣቴ ከዳሌዬ ይልቅ አመመኝ።

ታዲያ ምን አደረግን? በመጀመሪያ እንስሳቱን እንይ። የገብስማን ቆጥ ከመስኮቴ ሥር አንስተን ከማድ ቤቱ ጀርባ ወሰድነው። አየር በሚያስገባ ጆንያ ጋረድነው። አሁንም በ10 ሰዓት ይጮኻል፤ ግን ከሩቅ ነው። ውሪትን ማታ ከመተኛቴ በፊት አበላታለሁ፤ ሌሊት በር ብትቧጥጥ አልከፍትም። ድመት በተፈጥሮዋ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ የምትነቃ አዳኝ ናት፤ ቀስቅሳ ምግብ ካገኘች ደግሞ ልማድ ታደርገዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ ባሰች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ ሆነብኝ። ሳልበገር ስቀር ግን በሦስተኛው ሳምንት ተወችኝ። ለቡቺ ደግሞ መፍትሔው ከቆሻሻው ተገኘ። አጥንትና ትርፍራፊ በር ላይ ማሳደር ስናቆም ጅቡም በእኛ በር መመላለሱን ቀነሰ።

ስለ ውሻ ካነሳን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሌሊት የሚፈታ ውሻ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የሰፈራችን አንጋፋዎች እስከ ዛሬ «ፓስተር» ከሚሉት ከኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደጃፍ ስንቱ ተነክሶ ሲሮጥ እንደመጣ የጉለሌ ሰው ያውቃል።

ቀጥሎ የራሴ ተራ ሆነ። የሰውነትን ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ሰዓቱን ወደ ፊት ያመጣል፤ የማታ ደማቅ መብራትና የስልክ ብርሃን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እኛ ደግሞ የታደልን ነን፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። እኔም ጠዋት ቁርሴን ይዤ ደጅ ላይ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። የመኝታ ሰዓቴን በየጥቂት ቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ ቀድሜ ሳብኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ከ7 ሰዓት ተኩል ወደ 5 ሰዓት ተኩል ለመምጣት ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ከልጄ ጋር የምናወራው አሁን ቅዳሜና እሁድ፣ እኛ ዘንድ ከሰዓት፣ እሱ ዘንድ ጠዋት ሲሆን ነው።

ከባዱ የቡናው ነገር ነበር። እኛ ቤት ቡና የሚፈላው 11 ሰዓት ላይ ሲሆን እኔ ከአቦል እስከ በረካ አልቀርም ነበር። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ አለ። በተለይ እኔን ለመሰለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሁን ቡናዬን የምጠጣው ጠዋት ነው፤ የማታው ላይ ለጨዋታው እቀመጣለሁ፤ ሲኒዬን ግን እመልሳለሁ።

ኪኒኑን ደግሞ ልጅቷ አሰናዳችልኝ። ሰባት የክብሪት ቀፎ ሰብስባ፣ ከሰኞ እስከ እሁድ ጽፋባቸው፣ የየዕለቱን እየለየች ታስቀምጥልኛለች። የዛሬው ቀፎ ባዶ ከሆነ ውጫለሁ ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ቀፎዎቹ እጃቸው በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ። ደግሞ የዋጠ ሰው ካለም «ይለፈኝ» ብሎ ዝም አይበል፤ ለሰው ተናግሮ ጋደም ይበልና የጤና ባለሙያ ያማክር።

አንዲት ደግ ጎረቤቴ ወሬውን ሰምታ «ሲስተር፣ እኔ የምወስደውን የእንቅልፍ ኪኒን ላካፍልዎ» አለችኝ። አመስግኜ መለስኩላት። የእንቅልፍ ማስወሰጃ መድኃኒቶች አረጋውያንን ያደነዝዛሉ፤ ሌሊት ለሽንት ሲነሱም ይጥላሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጡም፤ ከጎረቤትም አይበደሩም። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያባንን፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሳ፣ ወይም ልቡ አዝኖ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ነገሩ ከዶሮና ከድመት በላይ ነውና ሐኪም ይየው።

አሁን 5 ሰዓት ተኩል ላይ እተኛለሁ፤ 1 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ከቤቱ ሁሉ አሁንም የመጨረሻዋ ተኚ እኔው ነኝ። የተፈጠርኩበትን ሙሉ በሙሉ አልለወጥኩም፤ መደበቁን ግን ትቼዋለሁ። ልጄም ልጇን የምትቀሰቅሰው «ሰነፍ» እያለች ሳይሆን መጋረጃውን ከፍታ ነው። ልጅቷ ማታ ስልኳን ለእኔ አስረክባ ትተኛለች፤ ሁለታችን ተማምነናል። ቤታችሁ ውስጥ የሚያረፍድ ካለ፣ ልጅም ሆነ አያት፣ ከመውቀሳችሁ በፊት «ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ሳትቆጡ ስሙት።

ገብስማ እንደሆነ ደህና ነው። ትንሹ ልጅ ለመጪው ፋሲካ ከወዲሁ ቃል አስገብቶናል።