ለልደት በዓል የሚደረግ ቁጠባ ከበዓሉ ማግሥት ሊጀመር ይገባል

በሽንፋና በመተማ ቆላ የገንዘብ ወራት አጭር ነው። የሽንፋ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ፈስሶ በበጋ ተቈራርጦ በየኩሬው እንደሚቀር ሁሉ፣ የሰሊጥ ገንዘብም በኅዳርና በታኅሣሥ ገበያውን አጥለቅልቆ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ከብዙው ቤት ነጥፎ ይገኛል። የልደት በዓል የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን፣ ገንዘቡ በሞላበት ሰሞን ስለ ሆነ፣ «ለገና ቁጠባ ምን ያደርጋል? ሰሊጡ ይደርስ የለምን?» የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰድዷል። አሳቡ ግን በሒሳብ ሲመረመር የሚያከስር ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱም ከሰሊጡ አስቀድሞ የሚደርሰው ዕዳው ነው። ገበሬው ለአረምና ለአጨዳ የሚያስፈልገውን የሠራተኛ ደመወዝና ስንቅ በብድር ይሸፍናል፤ ባለሱቁም ስኳሩን፣ ዘይቱንና ጨርቁን በዱቤ ይሰጣል። ምርቱ ታጭዶ፣ ደርቆና ተራግፎ ለገበያ ሲበቃ፣ ባለዕዳው አበዳሪውን ለማሰናበት፣ የጾመ ነቢያትም ፍጻሜ ሲቃረብ በሬውንና ልብሱን ለማሰናዳት፣ ሁሉም ባንድ ሰሞን ይሸጣል። ሁሉም ባንድ ሰሞን የሚሸጠው ዕቃ እንደሚረክስ፣ ሁሉም ባንድ ሰሞን የሚገዛውም እንደሚወደድ ለነጋዴ የሚነገር ነገር አይደለም። እንግዲህ ያለ ቁጠባ ገናን የሚቀበል ሰው ሰሊጡን በርካሽ ሸጦ በሬውን በውድ ይገዛል ማለት ነው።

ጉዳቱም በገበሬው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ባለሱቁ በበዓል ዋዜማ በዱቤ ያወጣውን እስኪሰበስብ መደርደሪያው ይራቆታል፤ አስመጪው ከባለሱቁ የሚጠብቀው ክፍያ ይዘገይበታል፤ ላኪውም በጥድፊያ የመጣና በደንብ ያልተበጠረ ሰሊጥ ይቀበላል። ከዚህም በላይ በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማና በገላባት በኩል የሚደረገው ንግድ መታወኩ፣ የጠረፍ ነጋዴ የነገን ገቢ ዛሬ አምኖ ሊበላው እንደማይገባ የሚያስተምር ነው።

መድኃኒቱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ቅርጫና እቁብ የአገሩ የቈየ ልማድ ስለ ሆኑ፣ ሁለቱን ማዛመድ ብቻ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ በሬ ዋጋ 96,000 ብር ቢሆንና 12 ቤተሰብ ቢካፈሉት፣ የያንዳንዱ ድርሻ 8,000 ብር ነው። ይህን በታኅሣሥ ወር ባንድ ጊዜ መክፈል ለብዙ ቤት ከባድ ነው፤ በ50 ሳምንት ሲከፋፈል ግን በሳምንት 160 ብር ይሆናል። ኀምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለውም ስለዚህ ነው። የመዋጮው ጊዜ ግን እንደየሰው ገቢ ሊሆን ይገባል፤ ባለሱቁ በየሳምንቱ ከሽያጩ፣ ገበሬው ደግሞ ከሰሊጡ ገንዘብ በጥር ወር አጠቃሎ ቢከፍል ሁሉም ሳይጨነቅ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ «የብር የመግዛት ኃይል ሲቀንስ ገንዘብ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል?» የሚል መቃወሚያ ይነሣል። መቃወሚያው ቸል የሚባል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደ ወረደ ከአስመጪዎች የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ይህ ቁጠባን የሚያስተው ምክንያት ሳይሆን የቁጠባውን መልክ የሚያስለውጥ ነው። ገንዘብን በሣጥን ቈልፎ ዓመት መጠበቅ አይበጅም፤ ማኅበርተኞቹ በዐቢይ ጾም የሥጋ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወይፈን ገዝተው በማሽላ አገዳና በፋጉሎ ቢቀልቡት፣ የተቈጠበው ገንዘብ በደጃቸው ሥጋ እየጨመረ ይቈያል። እህሉንም በመከር ጊዜ ገዝቶ ከነቀዝ መጠበቅ እንደዚሁ ነው።

ባለሱቆች በዚህ ነገር ቀዳሚ ቢሆኑ ለራሳቸው ይጠቅማሉ። በዱቤ መዝገብ አጠገብ ለደንበኞቻቸው የበዓል ቁጠባ መዝገብ የሚከፍቱ፣ የተቀበሉትንም በታማኝነት የሚጠብቁ ከሆነ፣ በታኅሣሥ ወር ዕዳ የሚለምናቸው ሳይሆን እጅ በእጅ የሚገዛቸው ደንበኛ ያገኛሉ። ገበሬውም በዓሉን ካለ ዕዳ ካሳለፈ፣ ሰሊጡን ዋጋው እስኪያገግም ለማቈየት ዐቅም ይኖረዋል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ የመጪው ገና ቁጠባ የሚጀመረው የዘንድሮው ገና ባለፈ ማግሥት፣ የሰሊጡ ገንዘብ ገና ከእጅ ሳይወጣ ነው።