«ታገሥ፣ ይረክሳል» ባዮች

የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ መግዛት ለሚመኝ ወጣት የሚሰጠው ምክር ከገዳሪፍ እስከ አዲስ አበባ አንድ ነው፦ «ታገሥ፣ ይረክሳል»። መካሪዎቹ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ያስከትላሉ፤ አዲሱን መሣሪያ እንደወጣ የሚገዛውንም አባካኝ ይሉታል። ተረቱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ምክሩ በማን ኪስ ልክ እንደተሰፋ ሳይጠይቁ ለሁሉም ማደላቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ ትዕግሥት ያዋጣበት ዘመን ነበር። ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ዋጋው 299 ዶላር ነበር፤ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። በእነዚያ ዓመታት ብር ቢዳከምም አወራረዱ ዝግ ያለ ስለነበረ፣ በባንክ ምንዛሪ 2,500 ብር ገደማ ያወጣ የነበረው ዕቃ ወደ 1,100 ብር ገደማ ዝቅ ብሏል፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። የመካሪዎቹ ልብ ዛሬም በዚያ ዘመን ቆሟል።

አምስተኛው ፕሌይስቴሽን ግን በኖቬምበር 2020 በ499 ዶላር ሲወጣ በኢትዮጵያ ባንኮች ምንዛሪ 19 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በኦገስት 2025 ደግሞ አምራቹ ሶኒ ራሱ በአሜሪካ 50 ዶላር ጨመረበት፤ ዕቃው በብር ሲመነዘር ከ70 ሺህ አለፈ። አምስት ዓመት የታገሠ ሰው ያተረፈው ይህንን ነው!

በሱዳን በኩል ያለው ከዚህ ይከፋል። በፌብሩዋሪ 2021 ይፋዊው የዶላር ዋጋ በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ዘለለ። ጥቁር ገበያው ቀድሞ ደርሶበት ስለነበር ሻጩ አልደነገጠም፤ ፓውንዱን በሣጥን ቆልፎ ዋጋ እስኪወርድ የጠበቀው ግን ገንዘቡ ተቆልፎ እያለ ተበልቶበታል።

«የጨዋታዎቹ ዋጋ በቅናሽ ወቅት ይወርዳል» የሚል መልስ አይጠፋም። ይወርዳል፤ ግን ለማን? የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር ከሚያገለግላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ሱዳንም የሉም። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች በባንክ ካርድ ከውጭ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም።

መጠበቅ ራሱ ሀብት መሆኑን የቁረይሻና የገዳሪፍ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዚያ አካባቢ «ሼይል» በሚባለው የብድር ልማድ ገበሬው ክረምት ላይ ገንዘብ ይወስዳል፤ ዕዳውን አዝመራ ሲደርስ አስቀድሞ በተቆረጠ ርካሽ ዋጋ በማሽላ ወይም በሰሊጥ ይከፍላል። ነጋዴው እህሉን አከማችቶ ዋጋው እስኪወደድ ይታገሣል። ገበሬው መታገሥ ጠፍቶት አይደለም፤ የሚታገሥበት ስንቅ የለውም። ለዚህ ሰው ልጅ ስለ ትዕግሥት መስበክ ድፍረት ነው።

ወጣቶቹ ለችግሩ መላ ካበጁለት ቆይተዋል። አንዱ መሣሪያውን ይገዛል፤ የቀሩት በየጨዋታው እየከፈሉ ይጫወቱበታል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች የተስፋፉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የቆሙት በዚህ ስሌት ነው። መካሪዎቹ ይህንንም «ሳንቲም መበተን» ይሉታል። ሳንቲሙ ቢጠራቀም ግን ዕቃው ላይ አይደርስም፤ የቤቱ ባለቤት በ2020 ገዝቶ ከሆነ ወጪውን ከመለሰ ሰንብቷል።